ነፋስ በር ላይ የተረፈችው ድንጋይ

ወዳጄ፣ ይህን የሚነግርህ ሰው ሱቅ ውስጥ ያደገ፣ ሚዛን ላይ ያላስቀመጠውን ነገር አለ ብሎ የማይቀበል ሰው መሆኑን አስቀድመህ እወቅልኝ። ጂኒ አየሁ የሚለኝን ሰው “ስንት ኪሎ ይሆናል?” ብዬ ነበር የምጠይቀው፣ መቃብር አጠገብ መብራት ታየ ሲሉኝ ላምባው ከማን ሱቅ እንደተገዛ ነበር የሚያሳስበኝ፣ መካነ ሰላም ውስጥ እኔ ሙሄ ነጋዴው በእንዲህ ያለ ወሬ እንደማላምን የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ ሚስቴ እንኳ ልጆቹን በጅብ እንጂ በጂኒ አታስፈራራም፣ እኔ ከት ብዬ ስለምስቅ ልጆቹም ይስቁባታል። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የማወራህን እንደፈለግህ አድርገው፣ እኔ ግን ባየሁት ላይ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ መጨመርና መቀነስ የምወደው በሌላ ሥራ ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በነሐሴ ነው። ያኔ ክረምት ሲገባ በወግዲ በኩል ያለው መንገድ ለመኪና አይበገርም፣ ጭቃው አይሱዙ ይውጣል፣ ስለዚህ የቆላው ገበያ ቀን ሲደርስ እኛ ነጋዴዎች ጨውና ሳሙናችንን በበቅሎ ጭነን ጠዋት ቁልቁል እንወርዳለን፣ ከሰዓት በኋላ ማርና ኑግ ይዘን ሽቅብ እንመለሳለን። ዳገቱ የሚያልቅበት ቦታ ነፋስ በር ይባላል፣ በሁለት ቋጥኝ መሀል ያለ ጠባብ ማለፊያ ነው፣ ከገደሉ የሚነሳው ጉም በዚያ በኩል ሲያልፍ የበቅሎህን ጭራ ይዘህ በቅሎዋን አታያትም፣ ጉም የማይኖር ቀን ደግሞ ቀማኞች ይኖራሉ፣ እናም የገበያውን ሰው አጅቦ የሚወርድና አጅቦ የሚወጣ ፖሊስ ተመድቦልን ነበር፣ ሳጅን ታደሰ ይባላል።

ፖሊስ ለኛ ለነጋዴዎች ያኔ ምን እንደነበር ልንገርህ፣ ዕቃ ሲጠፋ የምንጠራው፣ ዕቃው ሲገኝ የምንሸሸው ሰው ነበር። ታደሰን ግን ጎረቤቴ ስለነበር ከቅርብ አየሁት። የደንብ ልብሱ አንድ ነው፣ ታጥቦ ካልደረቀ ጠዋት እርጥቡን ይለብሰዋል፣ ጥምቀትን ታቦት አጅቦ፣ ዒድን መስገጃው ሜዳ ዳር ቆሞ ነው የሚያሳልፈው፣ የገዛ ሠርጉን እንኳ አጋምሶ ለእርሻ ድንበር ጠብ ተጠርቶ ሄዷል፣ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፣ ሙሽራይቱ ዘውዴ ከሚዜዎቹ ጋር ተቀምጣ እኛ ስንበላ ታየን ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ በሬ ቢጣሉ ከመሀላቸው ገብቶ ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው፣ ሲታረቁ አብረው የሚያሙትም እሱን ነው። ሱቄ መጥቶ ሻይ ሲጠጣ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፣ በሩ ሲንኳኳ ብርጭቆውን ያስቀምጥና እጁ ወደ ቀበቶው ይሄዳል።

“አቦ ተረጋጋ፣ ሳሙና ገዢ ነው” እለዋለሁ።

“አውቃለሁ” ይለኛል፣ እጁ ግን እዚያው ይቆያል።

አሁን የድንጋዩን ነገር ላምጣልህ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ በአንድ የጉም ቀን፣ የገበያው ሰው ተበታትኖ ዳገቱን ወጣና እያንዳንዱ “ያ ሰው ከነእገሌ ጋር ነው” እያለ ወደ ቤቱ ገባ፣ ገመድ እየገመዱ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ግን ከማንም ጋር አልነበሩም። በማግስቱ ከነፋስ በር በታች ካለው የመጨረሻ ጠመዝማዛ ላይ፣ ቋጥኙን ተደግፈው፣ ገመዳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ብርድ ገድሏቸው ተገኙ። ማንም ታደሰን አልወቀሰም፣ “ጉም ነው፣ ምን ያድርግ” ነው የተባለው፣ አለቆቹም እንዲያው አሉ። እሱ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ነፋስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

“እያንዳንድሽ አንድ ድንጋይ ከቋጥኙ ሥር አስቀምጪ” አለ፣ ሲያላግጥ እንዲህ ነው የሚናገረው፣ ፊቱ ግን አያላግጥም ነበር። “ስትመለሱ አንድ አንድ ታነሳላችሁ። ድንጋይ ካለ ሰው አለ ማለት ነው፣ ሰው ካለ እኔ እዚህ ነኝ።”

እኛማ ሳቅን፣ “ሳጅን ድንጋይ እንዲጠብቅ ተመደበ” ተባለለት፣ ግን እያደር ለመድነው፣ ቆላ ዘመድ ቤት የሚያድር ሰው እንኳ ለታደሰ ራሱ ቀርቦ ይነግረዋል፣ ድንጋዩንም ሰው ያነሳለታል። እሱ የራሱን አያስቀምጥም። አንድ ቀን “ያንተስ?” ብዬ ብጠይቀው፣ “እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይቆጠርም” አለኝ፣ እኔም በሳቅ አለፍኩት።

እንግዲህ የዚያን ቀን፣ ከገበያ ስንመለስ፣ የኔ በቅሎ ጭነቷ እየተንሸራተተ አስቸገረችኝና ከሰው ሁሉ ኋላ ቀረሁ፣ ከኔ ኋላ ደግሞ እንደ ልማዱ ታደሰ ነበር። የከሰዓት በኋላው ዐስር ሰላት አልፏል፣ ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ መንገዱን ይበላዋል፣ ፊት የሄዱት ሰዎች ድምፃቸው እንኳ አይሰማም፣ ድንጋያቸውን አንስተው ሄደዋል። ነፋስ በር ስንደርስ እኔ የኔን አነሳሁና ወረወርኩት። አንድ ድንጋይ ቀርታ ነበር።

ነጭ ናት፣ የወንዝ ድንጋይ፣ ለስላሳ፣ በወገቧ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር አላት፣ እዚያ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም፣ ያለው ጥቁር ነው። ጠዋት ማን እንዳስቀመጣት አላየሁም፣ እሱም አላየም።

ታደሰ አጎንብሶ ሲያያት አንድ ጎረቤታችን ከከተማው በኩል እየተጣደፈ መጣ፣ በተራራው ጫፍ ዞሮ ወደ እናቱ አገር የሚሄድ ነው፣ ሴቶቹ መንገድህ ነው ብለው ልከውታል።

“ሳጅን፣ ዘውዴን ምጥ ይዟታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው። አዋላጇ እማ ዘሀራ አብረዋት ናቸው፣ ግን ነገሩ ከብዷል።”

“ጤና ጣቢያ አትወስዷትም?”

“እምቢ አለች፣ አልጋውን ይዛ አልነሳም ብላለች። ያለፉትን ሁለቱን ብቻዬን ነው ያጣኋቸው፣ እሱ ሳይመጣ የትም አልሄድም ትላለች። በል ቶሎ ድረስላት፣ እኔም ሳይመሽ ልሂድ” ብሎ በቀኝ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ታጠፈና ጉሙ ዋጠው።

ይህን ልብ በልልኝ፣ ዘውዴ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች፣ አንዱን ጊዜ እሱ እስረኛ አጅቦ ደሴ ነበር፣ ሌላውን ጊዜ ኩታበር በኩል ለጥበቃ ተልኮ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ ሲመለስ ያገኘው ለቅሶ ነው። ይሄ ሦስተኛው ነበር።

“ምን ትጠብቃለህ፣ ሂድ እንጂ” አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ከድንጋይዋ ላይ ነው።

“አንዱ ዘንግቶ ነው የሄደው” አልኩ።

“ማን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንዱ።”

“ያ አንዱ ታች ቢሆንስ?”

“ታደሰ፣ ሚስትህ ናት እኮ።”

“አውቃለሁ” አለኝ፣ ያው ሱቄ ውስጥ እንደሚለው፣ ግን በዚያ ጉም ውስጥ ላብ አጥምቆታል።

እኔም ድንጋይዋን ብድግ አደረግኳትና፣ “ይኸው፣ አለቀ፣ ድንጋይ የለም፣ ሰውም የለም፣ ሕጉን ያወጣኸው አንተው ነህ” አልኩት። ወላሂ ልቤ የፈለገው እሱ ስቆ እንዲሮጥ ነበር። ነገር ግን ድንጋይዋ እጄ ላይ ሞቀችኝ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ እርጥበት፣ ሰው ጨብጧት ቆይቶ አሁን የሰጠኝ ያህል ሞቃ ነበር።

“ያንተን አንስተሃል፣ እሷን መልሳት” አለኝ። መለስኳት፣ ሲለኝ ነው ወይስ ሙቀቷን ፈርቼ፣ አሁንም አላውቅም።

“እንግዲያው አንተ ሂድና እየመጣ ነው በላት” አለኝ ቀጥሎ። እሺ ብዬ በቅሎዬን ጎተትኩ፣ አልንቀሳቀስም አለች። መታኋት፣ አልሄድ አለች፣ ሁለት ጆሮዋን ወደ ወጣንበት ገደል አቅንታ ቆመች። ትቻት እንዳልሄድ ማሩን ተሸክማለች፣ እኔን ታውቀኛለህ።

ከዚያ ነው መሰማት የጀመረው። መጀመሪያ ከታች ዱላ ድንጋይ ሲነካ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ቀስ ብሎ፣ የደከመው ሰው እንደሚሄደው። ታደሰ ፊሽካውን አወጣና ነፋ፣ “አይዞህ፣ አለን፣ ወደ ፊሽካው ና” ብሎ ተጣራ። ዱላው ቀረበ፣ ጠጠር ሲንከባለል ሰማን፣ የመጨረሻውን ጠመዝማዛ ደረሰ ስንል ቆመ፣ ጸጥ አለ፣ እንደገና ደግሞ ከሩቅ፣ ከታች፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። አንተም እኔ ያልኩትን ነው የምትለው፣ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ ማሚቶ ግን አይስልም፣ ይሄኛው ሳለ፣ ደረቅ፣ ረጅም የሽማግሌ ሳል። ታደሰ ያን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ ያን ጊዜ አልገባኝም።

“ወርደን እንፈልጋቸው” አልኩ፣ ድፍረት እንዳይመስልህ፣ ቆሞ መስማቱ ስለከበደኝ ነው።

“ሦስት ጊዜ ወርጄ አውቃለሁ” አለኝ፣ “በሌላ ቀን። ስወርድ አይገኙም። ዛሬ ግን ድንጋይ አስቀምጠዋል፣ ይመጣሉ።”

ለካ ታደሰ በየጉሙ ቀን፣ እኛ ወደ ቤታችን ከገባን በኋላ፣ ብቻውን እየተመለሰ ይህን ሲሰማ ኖሯል፣ ለማንም አልተነፈሰም፣ እኛ ደግሞ ድንጋይ ጠባቂ እንለዋለን።

ፊሽካውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፣ በመሀል በመሀሉ ወደ ከተማው ዞር ይልና ከንፈሩን ይነክሳል፣ እግሩ ሊሄድ ይነሳል፣ መልሶ ይተክለዋል። ያን እግር ሳየው ነው እኔ ፖሊስ ምን እንደሆነ የገባኝ፣ መሣሪያውን አይቼ አይደለም።

በመጨረሻ ዱላው ጠመዝማዛውን አለፈ። መጣ፣ መጣ፣ ከፊታችን ደረሰ፣ ጉሙ ውስጥ ምንም አይታይም፣ ከእርጥብ ጋቢ የሚወጣ ሽታና አዲስ የተገመደ ገመድ ሽታ መጣብን፣ ከዚያም በጣም ቀርቦ፣ ከዚህ እዚያ ድረስ፣ የደከመ ድምፅ፦

“አሰላሙ አለይኩም። ቆያችሁኝ?”

“ወአለይኩም ሰላም” አልን ሁለታችንም፣ እኔ ከልምዴ፣ እሱም እንዳገራችን ልማድ፣ ክርስቲያን ቢሆንም እንዲያው ነው የሚመልሰው። “ቆየን አባቴ” አለ ታደሰ፣ “ግቡ፣ እለፉ።”

በቅሎዬ አንገቷን ከገደሉ ወደ ከተማው ቀስ አድርጋ አዞረች፣ ሰው ሲያልፍ በዓይን እንደምትከተለው። ዱላው በአጠገባችን አለፈ፣ ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ ፈጠን ብሎ ሄደ፣ ጠፋ። ወደ መሬት አየሁ፣ ድንጋይዋ የለችም። እመነኝ፣ እኔም እሱም አልነካናትም።

“አየሃቸው?” አለኝ።

“አላየሁም።”

“እኔም” አለና ኮፍያውን መልሶ አደረገ። “እንግዲህ ከኋላ የቀረ ሰው የለም።” ከዚያ ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ፣ በቅሎዬም ሳልጎትታት ተከተለችኝ።

ግቢው ደጃፍ ስንደርስ እልልታው ሲወጣ ሰማን። እማ ዘሀራ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ።

“ሳጅን፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሴት ናት። እናቷም ደህና ናት፣ ማሻ አላህ። ያ የላክኸው ሰው ባይደርስ ግን እንጃልህ።”

“ማንን ላክሁ?”

“ሽማግሌውን ነዋ። አጥሩ ጋ ቆመው ‘ሳጅን ነፋስ በርን አልፏል፣ እየመጣ ነው፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ በሏት’ አሉ። እሷ ሰማች፣ ያነቀችውን አልጋ ለቀቀች፣ ከዚያ በኋላ ሕፃኗ ጊዜም አልወሰደባት። ሳሉ እየገደላቸው ነው፣ ትኩስ ነገር ልስጥዎ ብዬ ብወጣ ሄደዋል። የት ሰፈር ናቸው?”

ታደሰ ደረጃው ላይ፣ በሩ ሥር፣ ነጯን ድንጋይ እያየ ነበር። ቀዩ ክር በወገቧ ላይ እንዳለ ነው። ጎንበስ ብሎ ነካትና ወደኔ ቀና አለ፣ እኔ መንካት አልፈለግኩም፣ ሙቀቷ ከዓይኑ ገብቶኛል። ከዚያ ወደ ዘውዴ ገባ፣ “መጣህ?” ስትለው ውጭ ሆኜ ሰማሁ፣ “መጣሁ” ሲል ደግሞ ድምፁ እንደ ሕፃን ነበር። እኔም ከማሩ ቆርጬ ዋጋ ሳልጠይቅ ሰጠኋቸውና ከተማው ይህንን ከሌላው ሁሉ በላይ ተአምር ብሎ አወራው።

እኔ ነገር ሳላጣራ የምተው ሰው አይደለሁም፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ያንን ሰው ፈለግሁ፣ የዚያን ቀን ገበያ የወረደውን ሁሉ “መልእክቱን ያደረስከው አንተ ነህ?” እያልኩ ጠየቅሁ፣ የለም አሉ፣ በኛ ከተማ ደግሞ መልካም የሠራ ሰው ፀሐይ ሳትገባ ራሱ ነው የሚያወራው፣ ዝም ካለ አልሠራም ማለት ነው። ታደሰን ስጠይቀው አንዴ ብቻ፣ ሱቄ ተቀምጦ፣ ሻይውን እያማሰለ፣ “ሳሉን አውቀዋለሁ” አለኝ፣ “በሕይወት እያሉ ገበያ ውስጥ ከኔ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት።” ከዚያ ወዲህ ማንም ፖሊስ ሱቄ ቢገባ ወንበር አወጣለታለሁ፣ ጀርባው ግድግዳ እንዲያገኝ አድርጌ፣ በሩንም ሰው ሲያንኳኳ ማን እንደሆነ ቀድሜ በስሙ ጠርቼ እነግረዋለሁ፣ ይህን ያህል ማድረግ አያከስርም።

አሁን መንገዱ ተሠርቷል፣ ሚኒባስ ነፋስ በርን ሳያቆም ያልፋል፣ ድንጋይ የሚያስቀምጥም የለም። ታደሰ ጡረታ ወጥቷል፣ ወፍሯል፣ ሁልጊዜ የደረቀ ልብስ ይለብሳል፣ ዘውዴ ትቆጣዋለች፣ እሱም መቆጣቷን ይወዳል። ልጅቱ ሰላማዊት ትባላለች፣ እማ ዘሀራ ግን እስከ ዛሬ “አብሽሪ” ነው የሚሏት። ነጯ ድንጋይ ከበራቸው ሥር ናት፣ ንፋስ በሩን እንዳይዘጋው ይደግፉባታል፣ ደህና ኑሮ ነው፣ ሄጄ ስቀመጥ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ባለፈው ክረምት በገበያ ቀን፣ ጉሙ ከተማው ውስጥ የገባ ዕለት፣ ወደ ማታ ገደማ ስሄድ በሩ በንፋስ ይማታል፣ ታደሰ ጋቢ ለብሶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

“ድንጋይዋስ?” አልኩ።

“የለችም” አለችኝ ሰላማዊት ከውስጥ፣ ጨው አልቋል እንደማለት። “ጉም ሲሆን ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ እዚያው ትገኛለች፣ እርጥብ ሆና። አባባ እስክትመጣ እራት አይበላም።”

“ታዴ፣ ወጡ ቀዘቀዘ” አለች ዘውዴ።

“ቆይ ዘውዴ፣ አንድ ሰው ቀርቷል።”

እኔ የማላምነው ሰው፣ ሱቄን ለሰው አደራ ብዬ የመጣሁት ሰው፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉሙ መንገዱን ሞልቶታል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ብዙ ተቀመጥን። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማንም ገና ሰላም ሳይለኝ፣ አፌ በራሱ “ወአለይኩም ሰላም” አለ።

ታደሰ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ።

“ገና ናቸው” አለኝ፣ “ቆይ።”